የአያቴ ሳጥን፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ቅዳሜ፣ ጥር 24 ቀን 2017፣ ደሴ

ሳጥኑ ዛሬ ከቆጡ ወረደ። ለሁለት ይዘነውም ከበደን።

አያቴ የግምጃ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ወረቀት የሚጥሉ ሰው አልነበሩም። እኛ ቤት "አባባ ያስቀመጡት ነው" ከተባለ አይነካም ማለት ነው። እሳቸው ያረፉት በ1978 ነው። ከዚያ ወዲህ አጎቴ አንድ ጊዜ ኑዛዜያቸውን ፈልጎ ከማውጣቱ በቀር ሳጥኑን የከፈተው የለም። በ2014 ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ እኛ ቤቱን ዘግተን ወጣን፤ ሳጥኑ ቆጥ ላይ ቀረ። ስንመለስ ቴሌቪዥኑም ብርድ ልብሱም የለም። ሳጥኑ ግን እንዳለ አለ። አሮጌ ወረቀት ማን ይፈልገዋል?

እኔ ፈልጌዋለሁ። የአካባቢውን ታሪክ የሚሰበስብ አንድ መዝገብ ቤት የቤተሰብ ወረቀት እንደሚቀበል ከሰማሁ ዓመት አልፎኛል። መጀመሪያ ያሰብኩት አዲስ አበባ ወመዘክር፣ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ልወስደው ነበር። በ1936 የተቋቋመ ትልቅ ቤት ነው። ግን እነዚህ ወረቀቶች ስለ ደሴና ስለ ዙሪያዋ ናቸው። እዚሁ ቢቀሩ ይሻላል ብዬ ወሰንኩ።

ክዳኑ ሲከፈት መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው፤ የሻጋታ፣ የካምፎርና ትንሽ የበርበሬ። ውስጡ በሲባጎ የታሰሩ እሽጎች፣ አንድ የብስኩት ጣሳ ሙሉ ፎቶግራፍ፣ የእድር መዝገብ፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ የቀበሌ የስኳርና የሳሙና ካርድ፣ ደብዳቤ፣ የግብር ደረሰኝ፣ አንድ የጣሊያንኛ ወረቀት።

ደስ ብሎኝ ወዲያው ሥራ ጀመርኩ። ምንጣፉ ላይ አንሶላ ዘርግቼ ለየሁት። ደብዳቤ እዚህ፣ ደረሰኝ እዚያ፣ ፎቶ ጠረጴዛው ላይ። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ሲያልቅ በራሴ ኮራሁ።

እሑድ፣ ጥር 25

ዛሬ ስፒል ነቀላ። አያቴ ወረቀት የሚያያይዙት በስፒል ነው፤ በስቴፕለር አይደለም። በሃምሳና ስልሳ ዓመት ዝገቱ ወረቀቱን በልቶ ገብቷል። ስፒሉን በኃይል ከሳቡት ወረቀቱን ይዞ ይመጣል። ስለዚህ በቀጭን ፕላስቲክ ከሥሩ ገባ እያልኩ ቀስ ብዬ ማላቀቅ። 38 ስፒል ነቀልኩ። የከረሜላ ቆርቆሮ ውስጥ ጨመርኳቸው፤ ልጆች እንዳይረግጧቸው ብዬ ነው።

ቆጠራ፦ 412 ቅጠል፣ 67 ፎቶ።

ኑዛዜውን አጎቴ ዛሬ አመጣው። ላሚኔት አስደርጎታል። "እንዳይበላሽ ብዬ ነው" አለኝ፤ ክፉ አላሰበም። ግን በሙቀት የተለጠፈ ፕላስቲክ ከእንግዲህ አይላቀቅም፤ ወረቀቱ ውስጡ እያለ ቢጫ መሆኑንም አይተውም። የሁላችንም ዲፕሎማ እንደዚያው ነው፤ ማን በማን ይፈርዳል።

ቅዳሜ፣ የካቲት 1

መዝገብ ቤት ሄድኩ። ባለሙያዋ ወጣት ናት፤ በትሕትና ተቀበለችኝ። በስልኬ ያነሳሁትን አሳየኋት፤ ደብዳቤው ለብቻ፣ ደረሰኙ ለብቻ። አድናቆት ጠብቄ ነበር።

"ወንድሜ፣ ሲከፈት እንደዚህ ነበር?"

"አይደለም፣ እኔ ነኝ የለየሁት።"

ዝም አለች። ከዚያ ነገረችኝ። አንድ ሰው ወረቀቱን ያስቀመጠበት ቅደም ተከተል ራሱ እንደ ወረቀቱ ሁሉ መረጃ ነው። ምን ከምን ጋር ታሰረ? ምን ከላይ ተቀመጠ? ምን ከምን ሥር ተደበቀ? መዝገብ ቤት ያንን አይነካም። በዓይነት የሚለየው ዝርዝሩ ነው እንጂ ወረቀቱ አይደለም። እኔ በአንድ ማታ የአርባ ዓመት አቀማመጥ አፍርሻለሁ።

ጆሮዬ ጋለ።

ሌላም ነገረችኝ፤ ደብተሬ ላይ የጻፍኩትን ልገልብጠው። ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ አትጻፍ፤ በለስላሳ እርሳስ፣ ከጀርባው፣ ጥግ ላይ። የተቀደደውን በፕላስተር አትጠግን፤ ሙጫው ዓመታት ቆይቶ ቡናማ ሆኖ ይወጣል። ለወረቀት ጓንት አያስፈልግም፤ የታጠበና የደረቀ እጅ ይበቃል፤ ጓንት ጣትን አደንዝዞ ጠርዝ ያስቀድዳል። ለፎቶ ግን ጓንት አድርግ፤ የጣት ቅባት ምስሉን ይበላዋል። ሻጋታ ያለበትን ከሌላው ለይ፣ አድርቅ፣ ከዚያ በለስላሳ ብሩሽ ደጅ ሆነህ አራግፍ፤ አፍና አፍንጫህን ሸፍን። ብል ካለበት በላስቲክ አሽገህ ሁለት ሳምንት ፍሪዘር።

ፍሪዘሩ ላይ ባለቤቴ የተናገረችውን አልጽፍም።

ሰኞ፣ የካቲት 3

ያፈረስኩትን መመለስ ይቻል ይሆን?

የመጀመሪያው ተስፋ ስልኬ ነው። ሳጥኑን ስከፍት ለቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ፎቶ እየላክሁ ነበር። 14 ፎቶ። "ተመልከቱ" እያልኩ የላክኋቸው ናቸው፤ አሁን ብቸኛ ምስክሮቼ ሆኑ። ከእነሱ የሦስቱን እሽግ የላይኛውን ገጽ አወቅሁ።

ሁለተኛው ተስፋ ብል ነው። ይኼን ባለሙያዋ ናት ያስተማረችኝ፤ እኔ አስቤው አላውቅም። ብል ሲበላ አንድ ወረቀት መርጦ አይደለም። እሽጉን ሰርስሮ ያልፋል። ስለዚህ ሃያ ወረቀት አብሮ ከኖረ ቀዳዳው በሃያዎቹም ላይ አንድ ቦታ ነው፤ ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር ትንሽ ይጠብባል ወይም ይሰፋል። ወረቀቶቹን በመስኮት ብርሃን ፊት እየደረደሩ ቀዳዳውን ማገጣጠም ነው። ብልን ያመሰገንኩበት ቀን ቢኖር ዛሬ ነው።

በአምስት ሰዓት ሥራ 31 ቅጠል ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

እሑድ፣ የካቲት 9

የግብር ደረሰኞች። መጀመሪያ ሰልችተውኝ ነበር። አሁን ከሁሉም የምወዳቸው እነሱ ሆነዋል።

አያቴ ከከተማ ውጪ ግማሽ ጋሻ መሬት ነበራቸው፤ ወደ 20 ሄክታር ገደማ ማለት ነው። ደረሰኙ ላይ "ለም ጠፍ" ይላል። በ1937 በወጣው የመሬት ግብር አዋጅ የተለካ መሬት በሦስት ይከፈላል፤ ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ። አንድ ጋሻ ለም በዓመት 15 ብር ግብርና 35 ብር የአስራት ምትክ፣ ለም ጠፍ 10 እና 30፣ ጠፍ 5 እና 10 ይከፍላል። የአያቴ ግማሽ ጋሻ ስለዚህ 5 ብር ግብር፣ 15 ብር አስራት። ደረሰኙ ላይም ልክ ያው ነው። የጸሐፊ ነገር፤ ጀርባው ላይ በእርሳስ ደግመው ደምረውታል።

ችግሩ ከ27ቱ ደረሰኞች በስምንቱ ላይ ዓመቱ ጠፍቷል። ወይ ማኅተሙ ሸፍኖታል፣ ወይ ቀለሙ ለቋል። ግን ሰንጠረዡ ራሱ ይናገራል። የትምህርት ግብር የሚል ረድፍ ካለበት ከ1940 በኋላ ነው፤ ያ ግብር ያኔ ነው የታወጀው። የጤና ግብር ከተጨመረበት ወደ 1950ዎቹ ገብተናል። አስራት ከጠፋ ደግሞ 1960 አልፏል፤ በዚያ ዓመት የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ሲታወጅ አስራት ቀረ። ጎጃም ላይ ገበሬው ነፍጥ አንስቶ የተነሳው በዚያው አዋጅ የተነሳ ነው። የአያቴ ሳጥን ውስጥ ግን ያ ሁሉ አንድ ረድፍ መጥፋቱ ብቻ ነው።

ስምንቱንም ቦታ ቦታቸው አስገባሁ። ከ1938 እስከ 1966፣ ሁለት ዓመት ብቻ ጎድሎ። የ1967 የለም። ለምን እንደሌለ ለአማርኛ አንባቢ አልነግርም፤ የካቲት 25 ቀን 1967ን ሁሉም ያውቃል።

የጣሊያንኛውንም ወረቀት ጨረስኩ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ለመውጣት የተሰጠ ፈቃድ ነው። ቀኑ 13 ጃንዋሪ ይልና ዓመቱን በሮማውያን ቁጥር 16 ብሎ ይተወዋል። የፋሺስቶች የራሳቸው ዘመን ነው፤ ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ከጥቅምት 1922 እንደ ፈረንጆቹ ይቆጠራል። 16ኛው ዓመት ከ1937 ጥቅምት እስከ 1938 ጥቅምት ነው። ስለዚህ ጥር 5 ቀን 1930 በእኛ። ሰው ከራሱ ከተማ ለመውጣት ወረቀት ያወጣበት ዘመን።

ሐሙስ፣ የካቲት 20

ሁዳዴ ገብቷል። ሽሮ በልቼ ደብዳቤ ማንበብ ያዝኩ።

ደብዳቤዎቹ አብዛኞቹ የአክስቴ ናቸው፤ 11። አክስቴ ሁለት ጊዜ ዘምተዋል። ተማሪ ሆነው በ1967 በእድገት በኅብረት፣ መምህር ሆነው በ1971 በመሠረተ ትምህርት። ዛሬ አዲስ አበባ ናቸው፤ ጡረታ ወጥተዋል። ባለፈው ስደውልላቸው የነገሩኝ ነገር ነበር። "ከመሠረተ ትምህርት የላክሁት ሁሉ ደርሷል። ከእድገት በኅብረት ግን ለአባባ አንድ ትልቅ ደብዳቤ ጽፌ አልደረሰም። መልስም አላገኘሁ፣ ስመለስም አላነሱት።" እሺ ብዬ 11ዱንም የ1971 ብዬ መዝግቤያቸው ነበር።

አንዷ ግን አስቸገረችኝ። ጥጓን ብል በልቶታል። "ሐሙስ ጳጉሜ 6 ቀን 19" ይልና የለም። አጀማመሩ የሁሉም ደብዳቤ ነው፤ "ይድረስ ለክቡር አባቴ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከናፍቆትዎ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።" ማታ ማታ ፊደል እናስተምራለን ይላል። ከዚያ እንዲህ የሚል አለ፦ "በዚያ በታወጀው ነገር አባባ እንዳይቀየሙኝ። እኔ ያወጣሁት አይደለም። ግን ትክክል ነው ብዬ ነው የማስረዳው።"

ፊደል በማስተማር ማን ይቀየማል?

ጳጉሜ 6። ይቺ ቀን በአራት ዓመት አንዴ ነው የምትመጣው፤ ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሮ ለ4 ማካፈል ነው፤ 3 ከተረፈ ሉቃስ ነው። 1963 ሉቃስ ነው፣ 1967 ሉቃስ ነው፣ 1971ም ሉቃስ ነው። ሁለቱም ዘመቻ ሉቃስ ላይ ወደቀ። እንዲህ ያለ አጋጣሚ!

ግን ሐሙስ ይላል። የጳጉሜ 6ን ዕለት ለማወቅ የማግስቱን እንቁጣጣሽ ማግኘት ነው። በባሕረ ሐሳብ፣ በቤተ ክርስቲያኑ የዘመን ስሌት፣ መንገዱ ቀላል ነው። ዓመተ ዓለሙን፣ ማለትም 5500 የተደመረበትን ዓመት፣ ለአራት አካፍሎ፣ ድርሻውን ከዓመቱ ጋር ደምሮ፣ ለሰባት መግደፍ፤ ሰባት ሰባት እያወጡ የተረፈውን መያዝ ነው። ለ1968፦ 7468 ሲደመር 1867፣ 9335 ይሆናል። ለሰባት ሲገደፍ 4 ይተርፋል። ቆጠራው ከማክሰኞ ስለሚጀምር 4 ዓርብ ነው። እንቁጣጣሽ ዓርብ ከሆነ ዋዜማው ሐሙስ። ለ1972 ስሠራው 2 ተረፈ፤ ረቡዕ። ስለዚህ የ1971 ጳጉሜ 6 ማክሰኞ ነበር። የ1963ቱ ደግሞ ቅዳሜ።

1967 ነው። ያልደረሰው ደብዳቤ ይህ ነው።

ሦስት ጊዜ ደግሜ ሠራሁት። ከዚያ ኮምፒውተሩም ያንኑ አለ። ለአክስቴ ልደውል ስልኩን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። ደረሰ ማለት ሳጥን ውስጥ ገባ ማለት ብቻ ነው። አያቴ በሕይወት ሳሉ ደረሰ ወይስ በኋላ ሰው ጨመረው?

ቅዳሜ፣ የካቲት 29

ሙሉ ቀን ይቺን አንዲት ወረቀት ይዤ ዋልኩ።

ከሌሎቹ አሥር ደብዳቤዎች ጋር የብሉ ቀዳዳ አይገጥምም። አንዱም አይገጥምም። ስለዚህ ከደብዳቤዎቹ ጋር አልኖረችም። እኔ ነኝ በጥር 24 ወደዚያ የወረወርኳት። የእድር መዝገቡ ላይ ሞከርኩ፤ የለም። የፍርድ ቤት ወረቀት፤ የለም። የቀበሌ ካርድ፤ የለም።

ከሰዓት በኋላ ብርሃኑ ከምዕራቡ መስኮት ሲገባ የዝገቱን ምልክት አየሁ። ግራ ጥግ ላይ ሁለት ቡናማ ነጥብ። ስፒል ሲወጋና ሲወጣ የሚተወው ነው። በማስመሪያ ለካሁት፤ 11 ሚሊ ሜትር፣ ትንሽ ወደ ቀኝ ያጋደለ። ከዚያ ስፒል የነበረባቸውን ሁሉ አንድ በአንድ።

የ1966 የግብር ደረሰኝ። የመጨረሻው። ግራ ጥጉ ላይ ሁለት ነጥብ፣ 11 ሚሊ ሜትር፣ ወደ ቀኝ ያጋደለ። ደብዳቤውን ከላይ አድርጌ መስኮቱ ላይ ያዝኳቸው። ዝገቱ በዝገቱ ላይ፣ የብሉ ቀዳዳ በቀዳዳው ላይ። የ1965ቱን ከሥር ጨመርኩ፤ ቀዳዳው ቀጠለ። የ1964ቱንም።

አያቴ የልጃቸውን ደብዳቤ ከመጨረሻው የመሬት ግብር ደረሰኛቸው ጋር በስፒል አያይዘው፣ የሃያ ምናምን ዓመቱን ደረሰኝ ከሥር አድርገው በሲባጎ አስረዋል። ቋጠሮው የእሳቸው ነው፤ ሌሎቹም እሽጎች ላይ ያው ቋጠሮ አለ። አንብበውታል። የት እንደሚያስቀምጡትም አስበዋል። ተቀይመው ይሁን ይቅር ብለው፣ ወረቀቱ አይልም።

ማታ ለአክስቴ ደወልኩ። ነገርኳቸው። ረጅም ጊዜ ምንም አላሉም፤ መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ፣ ሃሎ አልኩ።

"አለሁ። አንተ ልጅ፣ እርግጠኛ ነህ?"

"ጳጉሜ 6 ሐሙስ ነው አክስቴ።"

"ሐሙስ ነበር። በማግሥቱ እንቁጣጣሽ ነው። ዓርብ ስለነበር ገበሬዎቹ የጾም አበሉን።"

ረቡዕ፣ መጋቢት 17

ስካን አለቀ። ወረቀቱን በ400 ዲፒአይ፣ ፎቶውን በ600። ዋናው ቅጂ በቲፍ፣ ለቤተሰቡ በጄፔግ። አንዱ ሃርድ ዲስክ መዝገብ ቤት፣ አንዱ አዲስ አበባ አክስቴ ጋ፣ አንዱ እዚህ። ከ2014 በኋላ ሁሉን በአንድ ከተማ አላስቀምጥም።

የቤተሰብ ስብሰባ በስልክ ተደረገ። ፎቶውን ማንም አልተከራከረበትም። ጣሊያንኛውንም። ደረሰኙ ላይ ግን አጎቴ እምቢ አለ።

"እሱማ ከቤት አይወጣም።"

"ለምን?"

"አንድ ቀን ካሳ ቢባልስ? ምን ይዘህ ትቀርባለህ?"

ሃምሳ ዓመት አለፈው። ግን እምነቱ እንዳለ ነው። መዝገብ ቤት ከተቀመጠ እንደማይጠፋ፣ ሲያስፈልገው ማኅተም ያለበት ቅጂ እንደሚሰጠው፣ ይህም በስምምነቱ ላይ እንደሚጻፍ ባለሙያዋ ራሷ ደውላ አስረዳችው። ተጻፈ። ፈረመ።

ሌላው የደብዳቤዎቹ ጉዳይ ነው። ውስጣቸው የሰው ስም አለ፤ የገበሬም፣ የባለመሬትም። ልጆቻቸው በሕይወት ይኖራሉ። በስምምነቱ መሠረት 11ዱ ደብዳቤዎች ለ20 ዓመት ዝግ ይሆናሉ፤ አክስቴ በሕይወት እያሉ ግን በእሳቸው ፈቃድ ሊነበቡ ይችላሉ። የቀረው ሁሉ ለማንም ክፍት ነው። የእድር መዝገቡን አንድ ተማሪ ከአሁኑ ጠይቆበታል።

ዝርዝሩ ላይ ስለዚያች ደብዳቤ የጻፍኩት ይህ ነው፦ "ጳጉሜ 6 ቀን 1967። ዓመቱ በባሕረ ሐሳብ የተሰላ። ከ1966 የመሬት ግብር ደረሰኝ ጋር በስፒል ተያይዞ የቆየ፤ በአቀናጁ ስህተት ተለይቶ በዝገት ምልክትና በብል ቀዳዳ የተመለሰ።" ባለሙያዋ "በአቀናጁ ስህተት" የሚለውን ማውጣት ትችላለህ አለችኝ። ተውኩት፤ ይግባ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 27

አክስቴ ከአዲስ አበባ መጡ። ቀኑን ሙሉ በአውቶቡስ ተጉዘው፣ እግራቸው አብጦ። ቡና ሳይፈላ "አምጣው" አሉ።

ደብዳቤውና ደረሰኙ አሁን አንድ ፖስታ ውስጥ ናቸው፤ በመካከላቸው ስስ ንጹሕ ወረቀት አለ። መነጽራቸውን አደረጉ። የራሳቸውን ጽሕፈት ቶሎ ጨረሱት። ደረሰኙን ግን ቆይተው አገላበጡት። ጀርባው ላይ አያቴ በእርሳስ የደመሩትን በጣታቸው ተከተሉት፤ ሳይነኩ፣ ከላይ ከላይ።

"በምን ነበር የተያያዘው?"

"በስፒል። ዝጎ ነበር፣ ነቀልኩት።"

"ስፒሉስ?"

የከረሜላውን ቆርቆሮ አመጣሁ። ከፈቱት። 38ቱም ቀይ፣ 38ቱም አንድ ዓይነት።

"የትኛው ነው?"

"አይታወቅም አክስቴ። ሁሉንም አንድ ላይ ነው የጨመርኳቸው።"

ቆርቆሮውን ክዳኑን ገጥመው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።